የቤት አገልጋይዋ ጠበቃ፦ ቴዎዶር ሴጅዊክ



በዛሬው ወረቀታችን ስለ አንድ የድሮ አሜሪካዊ ጠበቃ እንጨዋወታለን። ስሙ ቴዎዶር ሴጅዊክ ይባላል። ጠበቃ ነበር፣ ከዚያ የሕዝብ ተወካይ ሆነ፣ የአገሩን ምክር ቤት በአፈ ጉባኤነት መራ፣ በመጨረሻም በዳኝነት ላይ እንዳለ ሞተ። ይህ ሁሉ ሹመት ነበረው። ዛሬ ስሙ የሚነሣው ግን በአብዛኛው ሌላ ሰው ስላለ ነው፤ ሰው ቤት የምታገለግል፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል አንዲት ጥቁር ሴት አንድ ቀን መጥታ ጥያቄ ጠየቀችው። እሷ ባትመጣ ኖሮ ስለ እሱ የሚያወራው የታሪክ መምህር ብቻ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሴጅዊክ የተወለደው በ1746 በኮኔቲከት ነው። አሜሪካ ያኔ ገና አገር አልሆነችም፤ በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ያሉ ግዛቶች ነበሩ። አባቱ እሱ ልጅ ሳለ ሞተ። ኮሌጅ እንዲገባ የረዳው ታላቅ ወንድሙ ነው። ታናሽ ለማስተማር ታላቅ ሲደክም መቼም ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ዬል ኮሌጅ ገብቶ ትምህርቱን ሳይጨርስ ወጣ፤ ከዚያ አንድ ጠበቃ ዘንድ ሕግ አጥንቶ በ1766፣ ገና በ20 ዓመቱ፣ ጠበቃ ሆነ። በዚያ ዘመን የሕግ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር በአገሩ ስላልነበረ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚማረው፤ ከአንድ ጠበቃ ሥር ሆኖ መዝገብ እየገለበጠ፣ መጽሐፍ እያነበበ። ሥራውን የጀመረው በማሳቹሴትስ ምዕራብ ጫፍ፣ በርክሻየር በሚባለው ተራራማ ወረዳ ነው። ሼፊልድ በምትባል የገበሬ ከተማ ተቀመጠ።

በሼፊልድ ከሁሉ የሚበልጥ ሀብታም ኮሎኔል ጆን አሽሊ ነበር። መሬት አለው፣ ወፍጮ አለው፣ በወረዳው ፍርድ ቤትም ለብዙ ዓመታት ዳኛ ሆኖ ተቀምጧል። ባሮችም ነበሩት። በጥር 1773 የከተማው ሰዎች በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ያላቸውን ቅሬታ በጽሑፍ ለማውጣት 11 ሰዎች መረጡ። ወጣቱ ሴጅዊክ ከነሱ ዋነኛው ነበር። የተሰበሰቡት የት መሰላችሁ? አሽሊ ቤት። እዚያ ተቀምጠው ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እኩልና ነጻ እንደሆነ፣ ሕይወቱንና ንብረቱን ማንም ያለ አግባብ ሊነካበት እንደማይገባ ጻፉ። ነጻነት የፈለጉት ግን ከንጉሡ ለራሳቸው ነበር። በዚያው ቤት ውስጥ እሳት የሚያነድዱት፣ ምግብ የሚያቀርቡት ሰዎች በሽያጭ የሚገዙ ባሮች መሆናቸው ያን ቀን ከጸሐፊዎቹ ማንንም ያሳሰበ አይመስልም። ሴጅዊክንም ጨምሮ ማለቴ ነው።

ከነዚያ አገልጋዮች አንዷ የዛሬው ታሪካችን ባለቤት ናት። ስሟ በእንግሊዝኛ አጠራር «ቤት» ነው። በእኛ ፊደል ስጽፈው መኖሪያ ቤት ስለሚመስል፣ በኋላ ሰው ሁሉ ሲጠራት በኖረበት ስም ማምቤት እያልኩ እቀጥላለሁ። የተወለደችው በ1740ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሆግቡም በሚባል የደች ተወላጅ ገበሬ ቤት ነው። የገበሬው ልጅ ሃና የአሽሊ ሚስት ስለነበረች፣ ማምቤትም ከአባት ቤት ወደ ልጅ ቤት ተሻገረች፤ እንደ ሳጥን፣ እንደ ድስት። እዚያ ብዙ ዓመት አገለገለች። አንዲት ሴት ልጅም ወለደች።

እመቤቷ ሃና ቁጡ ነበረች። የሚነገረው እንዲህ ነው፦ አንድ ቀን ሃና ሊዚ በምትባል አገልጋይ ላይ ተናዳ ከምድጃው ውስጥ የጋለ አካፋ አንሥታ ልትመታት ስትል ማምቤት በመካከል ገብታ ክንዷን ጋረደች። ሊዚን አንዳንዶቹ እህቷ ናት ይላሉ፣ ሌሎቹ ልጇ። ምቱ የማምቤት ክንድ ላይ አረፈ፤ እስከ አጥንት የዘለቀ ቁስል ሆነ፣ ጠባሳውም እስከ ሞት ቀረ። ከዚያ በኋላ ክንዷን አልሸፈነችውም። እንግዳ ሲመጣ እመቤቲቱ ባለችበት ክንዷ ምን እንደሆነ የሚጠይቃት ካለ፣ እመቤቴን ጠይቋት እያለች ትመልስ ነበር ይባላል። እኔ ከታሪኩ ሁሉ ይህ ቦታ ላይ ቆም እላለሁ። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም፣ ምስክሯን ግን በየቀኑ ክንዷ ላይ ይዛ ትዞር ነበር።

ሰው ቤት የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ጌቶች ሲያወሩ አገልጋይ አጠገባቸው ሆና እያለች የሌለች ያህል ነው የሚቆጥሯት። ቡና ታቀርባለች፣ ሳህን ታነሣለች፣ ትሰማለች። ማምቤትም እንዲሁ ሰማች። በ1780 ማሳቹሴትስ አዲስ ሕገ መንግሥት አወጣች፤ ዋና ረቂቁን ያዘጋጀው በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ነው። የመጀመሪያው አንቀጹ ሰዎች ሁሉ ነጻና እኩል ሆነው እንደሚወለዱ ይናገራል። ማምቤት ይህን በጠረጴዛ ዙሪያ ሲወራ ይሁን፣ በአደባባይ ሲነበብ፣ ሰምታ በልቧ ያዘችው። ማንበብ አትችልም፤ የሰማችውን ግን አመዛዘነች። ሰው ሁሉ ካለ እኔስ ምንድን ነኝ?

ከዚያ ወደ ሴጅዊክ ሄደች። የጠየቀችውም ሕጉ ነጻነቴን አይሰጠኝም ወይ የሚል ነበር።

እዚህ ላይ የጠበቃውን ቦታ አስቡት። ሴጅዊክ 35 ዓመቱ ነው። ቤተሰብ አለው። አሽሊን በደንብ ያውቀዋል፤ አብረው ጽሑፍ የጻፉ፣ አንድ ከተማ የሚኖሩ፣ አንድ ወገን የሆኑ ሰዎች ናቸው። በዚያ ላይ አሽሊ ራሱ ለዓመታት ዳኛ ሆኖ የተቀመጠበት ፍርድ ቤት ነው ክሱ የሚቀርበው። ከባሪያ ምን ክፍያ ይገኛል? ምንም። ሆኖም ጉዳዩን ያዘ። ለምን? ርኅራኄ ነው የሚሉ አሉ። ብዙ የታሪክ ሰዎች ደግሞ አዲሱ ሕገ መንግሥት እውነት ባርነትን ይሽር እንደሆነ በአንድ ክስ ለመፈተን ፈልጎ ነው ይላሉ። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ሰው አንድን ነገር በአንድ ምክንያት ብቻ አያደርግም።

ብቻውንም አልገባበትም። ከኮኔቲከት ታፒንግ ሪቭ የሚባል ጎበዝ ጠበቃ አመጣ። ሪቭ ቆይቶ በሊችፊልድ ከአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነውን የሕግ ትምህርት ቤት ያቋቋመ ሰው ነው። በክሱ ላይም ብሮም የሚባል የአሽሊ ሌላ አገልጋይ ተጨመረ። ወንድ መጨመሩ ለጥንቃቄ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ በዚያ ዘመን ሴት በሕግ ፊት ያላት ቦታ ጠባብ ስለነበር በሴትነቷ ምክንያት ክሱ እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ መዝገቡ «ብሮምና ቤት በአሽሊ ላይ» ተባለ።

አሁን ሥራው እንዴት እንደተሠራ ላስረዳ፤ ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። በማሳቹሴትስ ባሪያ ጌታውን መክሰስ ይችል ነበር፤ ከዚያ በፊትም ብዙዎች ከሰዋል። የቀድሞዎቹ ክሶች ግን የሚያተኩሩት በአንድ ሰው ልዩ ሁኔታ ላይ ነበር። እናቴ ነጻ ሴት ነበረች፣ ወይም ጌታዬ ነጻ እለቅሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር፣ እንዲህ ያለ ነገር። ማምቤት ይህ አልነበራትም። ማንም ቃል አልገባላትም። ሴጅዊክና ሪቭ ያነሡት ክርክር፣ ባርነት ራሱ ከአዲሱ ሕገ መንግሥት ጋር አብሮ ሊቆም አይችልም የሚል ነው። ይህ ከተቀበለ የሚወድቀው አሽሊ ብቻ አይደለም፣ በግዛቱ ያለ ባሪያ ያዥ ሁሉ ነው።

ትልቁን ክርክር ያቀረቡት ግን በትንሽ በር ነው። በእንግሊዝ ሕግ ያለ አግባብ የተያዘ ነገር እንዲለቀቅ የሚያዝ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አለ። ሰው በሬዬን ያለ መብት ወስዶ አልመልስም አለኝ ቢል የሚጠይቀው ዓይነት ትእዛዝ ነው፤ ያለ አግባብ የተያዘ ሰውንም ለማስለቀቅ ያገለግል ነበር። በ1781 ጸደይ ፍርድ ቤቱ ይህን ትእዛዝ አውጥቶ ሸሪፉን አሽሊ ዘንድ ላከ፤ ብሮምንና ማምቤትን ልቀቅ አለው። አሽሊ እምቢ አለ፤ የዕድሜ ልክ አገልጋዮቼ ናቸው፣ በሕግ የኔ ናቸው ብሎ መለሰ። ይህ መልሱ ራሱ ነገሩን ፍርድ ቤት አደረሰው። ከእንግዲህ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፦ እነዚህ ሁለት ሰዎች በሕግ የአሽሊ ናቸው ወይስ አይደሉም?

ነሐሴ 1781 ግሬት ባሪንግተን ላይ ችሎቱ ተቀመጠ። ፍሬ ነገሩን የሚወስነው ዳኛው ሳይሆን ጁሪ ነው፤ ማለትም ከአካባቢው የተመረጡ ተራ ሰዎች። ሁሉም ነጮች፣ ሁሉም ወንዶች። አሽሊ የአካባቢያቸው ትልቅ ሰው ነው። እነሱ ናቸው እንግዲህ ብሮምና ማምቤት ክሱ በቀረበበት ጊዜ የአሽሊ ሕጋዊ የዕድሜ ልክ አገልጋዮች አልነበሩም ብለው የፈረዱት። ለጉዳታቸው 30 ሽልንግ እንዲከፈልና አሽሊ የክሱን ወጪና ኪሳራ እንዲሸፍን ተወሰነ። 30 ሽልንግ ማለት አንድ ፓውንድ ተኩል ነው። ለዚያ ሁሉ ዓመት ድካም ካሣ ነው ብትሉኝ ቀልድ ነው። ነጻነቷ ግን በመዝገብ ተጻፈ።

አሽሊ መጀመሪያ ይግባኝ አለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ኳክ ዎከር የሚባል ሌላ ጥቁር ሰው በተመሳሳይ ጉዳይ አሸነፈ። አሽሊ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ገባው መሰለኝ፣ ጥቅምት ላይ ይግባኙን ተወው። በ1783 በዚያው በዎከር ጉዳይ ዋና ዳኛው ዊልያም ኩሺንግ ባርነት ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይሄድ ለጁሪው በግልጽ ተናገረ። በ1790 የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ በማሳቹሴትስ ዓምድ ላይ የባሪያ ቁጥር ዜሮ ነበር። ባርነትን የሚከለክል አዲስ ሕግ ማንም አላወጣም፤ የነበረውን ቃል ፍርድ ቤት ፊት ያነሡ ሰዎች ናቸው ያደረሱት። እርግጥ ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ነጻ አልወጣም፤ አንዳንድ ጌቶች ስሙን «አገልጋይ» ብለው ቀይረው ያቆዩዋቸው ነበሩ። ስም መለወጥ ቀላል ነው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሽሊ ማምቤት በደመወዝ እንድትመለስለት ለመናት። አልተመለሰችም። ኤልሳቤጥ ፍሪማን የሚል ስም ለራሷ አወጣች፤ ፍሪማን ማለት ነጻ ሰው ማለት ነው። ሥራ የያዘችው ሴጅዊክ ቤት ነው፣ በደመወዝ።

የእሷ ሁኔታና የኛ አንድ ነው አልልም። እኛ ውል ፈርመን፣ ደመወዝ ተስማምተን የመጣን ሰዎች ነን፤ እሷ የተሸጠች ነበረች። ቢሆንም ከፍርዱ በኋላ የሠራችው ሥራ የምናውቀው ሥራ ነው። ሴጅዊክ ከ1785 ጀምሮ በስቶክብሪጅ ኖረ፤ እሱ ግን ቤቱ ብዙ አይገኝም ነበር። መጀመሪያ የማሳቹሴትስ ምክር ቤት፣ ከዚያ የአሜሪካ ግዛቶች ኮንግረስ፣ ከ1789 ጀምሮ ደግሞ አዲሱ የፌዴራል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። በመጀመሪያ ኒውዮርክ፣ ቀጥሎ ፊላዴልፊያ። ለወራት ይሄዳል። ሚስቱ ፓሜላ የአእምሮ ሕመም ነበረባት፣ ልጆች ብዙ ናቸው። ቤቱን የያዘችው ማምቤት ናት። ልጆቹን አሳደገች፣ እመቤቲቱ ስትታመም የምታረጋጋት እሷ ነበረች። በአካባቢውም አዋላጅና አስታማሚ ሆና ታወቀች። ከልጆቹ አንዷ ካትሪን ማሪያ አድጋ ታዋቂ ደራሲ ሆነች፤ የማምቤትን ታሪክ ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው በአብዛኛው እሷ ስለጻፈችው ነው። እንግዲህ የትልቅ ሰው ሥራ የሚባለው በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ ከዚህ ማየት ይቻላል።

በ1787 ክረምት ደግሞ ዕዳ ያስጨነቃቸው የምዕራብ ማሳቹሴትስ ገበሬዎች ተነሥተው ነበር፤ የሼይስ ዐመፅ ይባላል። ፍርድ ቤቶች መሬታቸውን ለአበዳሪ ስለሚያስይዙባቸው ጠበቆችን አምርረው ይጠሉ ነበር። ሴጅዊክ በመንግሥትና በአበዳሪዎች ወገን የቆመ ሰው ነው፤ ስለዚህ እሱ በሌለበት ቤቱን መጥተው ዘረፉ። ማምቤት የቤቱን ብር ዕቃ በራሷ ሣጥን ውስጥ ደበቀችው። ሣጥኑን ሊከፍቱ ሲሉም የደሃ አገልጋይ ሣጥን ልትበረብሩ ነው እንዴ ብላ አሳፈረቻቸው፣ ትተውትም ሄዱ ይባላል።

እዚህ ላይ ሴጅዊክን እንደ ጻድቅ እንዳንስለው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው የሸሸ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚል ሐረግ ነበረው። በ1791 ይህ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውል የሕግ ረቂቅ እንዲያዘጋጁ ምክር ቤቱ ሦስት ሰዎች መረጠ፤ ከነሱ አንዱ ሴጅዊክ ነበር። ያ ረቂቅ ሳያልፍ ቀረ፤ በ1793 ግን ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ ወጣ፣ ብዙ ሰውም ወደ ባርነት መለሰ። ከአሥር ዓመት በፊት ለማምቤት የተከራከረው ሰው! የደቡቡንና የሰሜኑን ግዛቶች ኅብረት ለማቆየት ነው የሚል ምክንያት ይሰጥለታል። እኔ በበኩሌ ምክንያቱን ብረዳውም ልቀበለው አልችልም። ቤቱ ተመልሶ ማምቤት ያቀረበችለትን ራት ሲበላ ምን ያስብ ነበር እላለሁ።

የቀረውን ሹመቱን በአጭሩ ላሳልፈው። በ1796 ወደ ሴኔት ገባ። ከ1799 እስከ 1801 የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆነ። የ1800 የፕሬዚዳንት ምርጫ በጄፈርሰንና በበር መካከል እኩል ድምፅ ሆኖ ምክር ቤቱ እንዲወስን ሲመጣ፣ 36 ጊዜ ድምፅ የተሰጠበትን ያን ረጅም ጉባኤ በወንበር ላይ ሆኖ የመራው እሱ ነው። ጄፈርሰን ፕሬዚዳንት ሆነ፤ የሴጅዊክ ፓርቲ ተሸነፈ፣ እሱም ከፌዴራል ፖለቲካ ወጣ።

በ1802 የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኖ ተሾመ። በዳኝነቱ ዘመን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ። በ1810 በአፍሪካ የባሕር ጠረፍ ላይ ከባሪያ ንግድ ጋር የተያያዘ ውል ያደረጉ ነጋዴዎች ተካሰው መጡ። አንዱ ባለ ዕዳ ነው፣ አልከፍልም ብሏል። አብዛኞቹ ዳኞች ውሉ በተደረገበት አገር የጸና ስለሆነ የገንዘብ ዕዳው ይከፈል አሉ። ሴጅዊክ ግን የልዩነት ሐሳብ ጻፈ፤ ሰውን ከመሸጥ ጋር ተያይዞ የመጣ ዕዳ በዚህ ፍርድ ቤት ጉልበት ሊሰበሰብ አይገባም የሚል ነው። በድምፅ ተሸነፈ። ከ1791ዱ ሰው ይልቅ እዚህ ላይ የ1781ዱን ጠበቃ አየዋለሁ።

በጥር 1813 ቦስተን ውስጥ፣ ዳኛ እንደሆነ ሞተ። የተቀበረው ስቶክብሪጅ ነው። የቤተሰቡ መቃብር እሱን መካከል አድርጎ በክብ በክብ የተሠራ ነው፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ዙሪያውን አሉ።

ማምቤት ከእሱ በኋላ ብዙ ኖረች። ደመወዟን አጠራቅማ ስቶክብሪጅ ውስጥ የራሷን ቤት ገዝታ ነበር፤ ልጇን፣ የልጅ ልጆቿን አየች። በ1811 የሴጅዊክ ልጅ ሚስት የሆነችው ሱዛን በትንሽ የዝሆን ጥርስ ላይ ሥዕሏን ሣለችላት፤ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጭ ቆብ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ የወርቅ ዶቃ ይታያል። ሥዕሉ ዛሬም ቦስተን በማሳቹሴትስ የታሪክ ማኅበር ይገኛል። በታኅሣሥ 1829 ስትሞት በዚያው በሴጅዊክ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ ቀበሯት። የመቃብሯን ጽሑፍ ያዘጋጀው እሷ ያሳደገችው የሴጅዊክ ልጅ ቻርልስ ነው፤ በባርነት ተወልዳ ወደ ሠላሳ ዓመት በባርነት እንደኖረች ጠቅሶ፣ መጻፍና ማንበብ ባትችልም በሥራዋ የሚበልጣት እንዳልነበረ ይናገራል።

ከመሞቷ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብላ ኑዛዜ አድርጋ ነበር። ቤትና ንብረት ያላት ሴት ስለሆነች የምታወርሰው ነበራት። ጸሐፊው ኤልሳቤጥ ፍሪማን ብሎ ስሟን ጻፈላት፤ እሷም በስሙ አጠገብ በእጇ ምልክት አደረገች።